የሣሩን ውሃ ለዓሣው!

የላስ ቬጋስ ወገኖቼ፣ ስሙኝ! ታክሲና ኡበር የምታሽከረክሩ፣ በካዚኖ ቆማችሁ የምታነጉ፣ የሆቴል ክፍል የምታጸዱ፣ ምግብ ቤት የከፈታችሁ፣ ቤት ገዝታችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ ዛሬ የምጠራችሁ ለመዋጮ አይደለም። ለውሃ ነው። ለውሃና፣ አትሳቁብኝ፣ ለዓሣ።

አዎ፣ ለዓሣ። እዚሁ በረሃ ላይ።

ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ዝናብ ቢጠራቀም አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ በማይዘልበት በዚህ አገር ዓሣ አለ። የጥንቱ የበረዶ ዘመን ሐይቆች እየደረቁ ሲሄዱ በየምንጩና በየጉድጓዱ ተነጥለው የቀሩ ዓሦች ናቸው። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ዝርያ አሳደገ። ሙቅ ውሃ ለመዱ፣ ጨው ለመዱ፣ ጥበት ለመዱ። ሁሉን ችለው ሺህ ዓመታትን ተሻገሩ። ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተማን።

የከተማዋ ሰዎች ደግሞ እኛ ነን። ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ከእነሱ ቤት የመጣ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የፈረንጅ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛም ነው። አሁን፣ ዘንድሮ፣ በዚህ ሳምንት።

ቫሊ ቪው መንገድ ላይ፣ ከዩ.ኤስ. 95 አጠገብ፣ ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ የሚባለውን ቦታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተሳፋሪ አውርዳችሁበታል፣ ልጆች ወስዳችሁበታል። እዚያ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። ምንጩ ጅረት ሆኖ ሸለቆውን ያረሰርሰው ነበር። በጅረቱ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ዓሣ ትኖር ነበር፤ ላስ ቬጋስ ዴስ ይሏታል። በዓለም ላይ ከዚህ ሸለቆ በቀር አገር አልነበራትም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1905 የባቡር ኩባንያው መሬቱን በጨረታ ሸጠና ከተማዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ ውሃ ጠየቀ፤ ሆቴሉ ውሃ ጠየቀ፤ ሰፈሩ ውሃ ጠየቀ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሌላ ተጨመረ፣ ሌላም ተደገመ። ክዳን ያልተበጀላቸው ጉድጓዶች ሌትና ቀን ውሃ ይተፉ ነበር፤ ማንም አልቆጠረውም። የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ሄደ። በ1962 ምንጩ ጨርሶ ነጠፈ። ዓሣዋ ያንን ቀን እንኳ አላየችም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ ጠፍታለች።

ሳይንቲስቱ ሮበርት ረሽ ሚለር ይህች ዓሣ ራሷን የቻለች ዝርያ ነበረች ብሎ ስም ያወጣላት በ1984 ነው። ክርስትናዋ ከተዝካሯ በኋላ ሆነ! ስሙንም ያወጣላት በጄምስ ዲከን ነው፤ በላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ዕድሜውን ለበረሃ ዓሦች ሲሟገት በኖረው ሰው። ክፋት የሠራ ማንም አልነበረም፤ ዓሣዋን የገደላት እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቧንቧ ብቻ ማየቱ ነው።

ይህ እንዳይደገም ነው የምጮኸው።

የሐረር ልጆች፣ ይህ ነገር ለእናንተ አዲስ አይደለም። ሐረማያ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ያጠጣ ነበር። ከተማው ጠጣ፣ እርሻው ጠጣ፣ ደለሉ ገባ፤ ሐይቁም ነጠፈና መሬቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐይቅ ሊያልቅ እንደሚችል ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም፤ አይታችሁታል። እንግዲያው እናንተ ቅደሙ፤ ንገሩን፤ አስጠንቅቁን።

አሁን ወደ ትልቁ ውሃ እንምጣ። ከምንጠጣው ውሃ ዘጠና በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከሚድ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁም በሁቨር ግድብ የታሰረው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ግድቡ በ1935 ከመመረቁ በፊት ወንዙ ሌላ ወንዝ ነበር፦ ደፍራሽ፣ ቡናማ፣ በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚጎድል ሳይሆን በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ የሚያብጥ፣ ቆይቶም የሚሞቅና የሚቀጥን። ያንን ወንዝ የለመዱ ዓሦች ነበሩ። ኮሎራዶ ፓይክሚኖው ከሰው ቁመት የሚስተካከል ነበር። ቦኒቴል ነበር። ሬዘርባክ ሰከርም ነበር፤ ይህኛው ከጭንቅላቱ ኋላ ጀርባው ላይ ስል ሸንተረር የተሠራለት፣ ከንፈሩ ወደ ታች የዞረ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። ዛሬ በሐይቁ ውስጥ ካሉት ሬዘርባኮች መካከል አብዛኞቻችን እዚህ አገር ከመግባታችን በፊት የተፈለፈሉ ሊኖሩ ይችላሉ።

ግድቡ ወንዙን አቀዘቀዘው፤ ደለሉን አስቀረው፤ ጎርፉን ቆረጠው። ከግድቡ በታች የሚወጣው ውሃ ከሐይቁ ጥልቀት የሚመጣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ደግሞ ለዓይን ያምራል እንጂ ለድፍርሱ ወንዝ ዓሣ መከራ ነው፤ ጫጩቱ የሚደበቅበት የለውም። በላዩ ላይ ባስ፣ ትራውት፣ ካርፕ ከሌላ ቦታ መጥተው ተለቀቁበት። የሬዘርባኩ ጫጩት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ይበላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ነው። የከተማ ውሃ ልማት ዓሣን የሚያጠፋው ውሃ በማድረቅ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ውሃ በማምጣትም ያጠፋል። ከከተማችን በስተምሥራቅ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ላስ ቬጋስ ዋሽን ተመልከቱ። በፊት ዝናብ ሲጥል ብቻ ደራሽ የሚወርድበት ደረቅ ሸለቆ ነበር። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውም ከየቤታችን የወጣው ተጣርቶ ነው። ውሃ አለ፤ ዓሣም አለ። ግን የማን ዓሣ? ካርፕ፣ ለትንኝ ማጥፊያ ተብሎ የመጣ ትንሽ ዓሣ፣ ሰው ከቤቱ አውጥቶ የጣለው ጌጠኛ ዓሣ። የአገሬው ሄዶ እንግዳው ወርሶታል። ዓሣ አለ ተብሎ ፎቶ ይነሣል፤ የጠፋውን ማንም አይጠይቅም።

ደግሞም ያ ውሃ የሚገባበት የላስ ቬጋስ ባሕረ ሰላጤ፣ የመጨረሻዎቹ ሬዘርባኮች ራሳቸው ከሚራቡባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከኩሽናችሁና ከመታጠቢያ ቤታችሁ የወረደው ውሃ ተጣርቶ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው። ማጣሪያ ጣቢያው ብዙ ነገር ይይዛል፤ ሁሉን ግን አይይዝም።

ስለዚህ ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት አትጣሉ! ፋርማሲዎች የሚረከቡበት ሣጥን አላቸው፤ ውሰዱላቸው። እናንተ አሽከርካሪዎች፣ የሞተር ዘይት ስትቀይሩ አንዲት ጠብታ ወደ መንገድ ዳር ጉድጓድ እንዳትወርድ። መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ ሳይጣራ በቀጥታ ዋሹ ውስጥ ይገባል። ይህን ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ስትጠብቁ ስለ ፖለቲካ ከምታወሩት ሰዓት አምስት ደቂቃ ለዚህ ስጡት፤ ፖለቲካው አይሸሽም።

አሁን ስለ ሣሩ።

ሰዎች ሲመክሩን ቧንቧ ዝጉ፣ ሻወር አሳጥሩ ይላሉ። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን በላስ ቬጋስ እውነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ ወደ ማጣሪያ ሄዶ ከዚያ ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል። ኔቫዳ ለመለሰችው ውሃ ተመልሳ መውሰድ ትችላለች። የእንጀራ ምጣዱን ብታጥቡበት፣ ልጅ ብታጥቡበት፣ ያ ውሃ አልጠፋም። የሚጠፋው ውጭ የፈሰሰው ነው። ሣር ላይ የተረጨው ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ አይመለስም። ካዚኖዎቹን ለመውቀስ የቸኮላችሁም ይህን ልብ በሉ፦ የሆቴል መታጠቢያ ውሃ ይመለሳል፤ ትልቁ የውሃ ተጠቃሚ መኖሪያ ቤት ነው። የእናንተ ጓሮ። የእኔ ጓሮ።

የውሃ ባለሥልጣኑ ደጋግሞ የሚነግረን ሒሳብ አለ፦ ከሣር የተላቀቀ እያንዳንዱ ስኩዌር ፊት በዓመት 55 ጋሎን ውሃ ያድናል። ማንም ያልተቀመጠበት፣ ልጅ ያልሮጠበት፣ ማጨጃ ብቻ የሚረግጠው ሣር! አንቀጹን አንብባችሁ ስትጨርሱ ውጡና የራሳችሁን ሣር ተመልከቱ። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጣችሁበት መቼ ነው?

ንቀሉት! ለሚነቅል ገንዘብ የሚመልስ ፕሮግራም አለ፤ ከመንቀላችሁ በፊት ግን መመዝገብ አለባችሁ፣ ሣሩ በቦታው እያለ ያዩታልና። በምትኩ በረሃ የለመደ ዛፍና ቁጥቋጦ ትከሉ፤ ጥላ ይሰጣችኋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የልጃችሁን ልጅ አስቀምጡና ቅጹን አስሞሉት፤ ይሄ የስልክ ትውልድ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።

እስክትነቅሉት ድረስ በሕጉ አጠጡ። እሑድ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ክልክል ነው። ሰንበትን ያከበረ የውሃ ሕግ ማግኘታችን መቼም ለእኛ ከባድ ሊሆን አይገባም! በብርዱ ወራት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈቀደው። በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ስፕሪንክለር አትክፈቱ፤ ከመሬት ሳይደርስ ይተንናል። ውሃ አስፋልት ላይ ሲፈስስ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ የውሃ ድርጅቱ ጥቆማ ይቀበላል፤ ጠቁሙ።

ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ይህ ለእናንተ ምርጫ አይደለም፣ ሕግ ነው። በ2021 የኔቫዳ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ፣ ከ2026 መጨረሻ በኋላ የኮሎራዶን ውሃ ለጌጥ ብቻ በተተከለ ሣር ላይ ማፍሰስን ይከለክላል። የግል መኖሪያ ቤት አይነካም፤ የንግድ ቤት፣ የጋራ መኖሪያ ግቢ፣ የጸሎት ቤት ግን ይነካል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ሣር የጌጥ ነው ወይስ ልጆች የሚጫወቱበት? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት። ከግንባታ መዋጮው ጎን አንድ መስመር ጨምሩ። ካህናት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ደቂቃ ስጡት። ውሃን የምንባርክ ሰዎች አይደለንም እንዴ? በጥምቀት ውሃ ዳር የምንቆም ሰዎች ነን፤ በዙሪያችን ያለው ውሃ ውስጥ ማን እንደሚኖር ማወቅ ይገባናል።

የጋራ መኖሪያ ማኅበር ውስጥ የምትኖሩ፣ ስብሰባው ላይ ተገኙ! ሁልጊዜ ክፍያ ሲጨመር ብቻ ነው የምንናደደው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲያድር ሌላ ሰው ይወስንልናል።

“ይህ ሁሉ ግን ምን ያህል ያድናል?” የሚል አለ። እሺ፣ ከተማዋን ሣር ሲያስጠማት ወዴት እንደምታይ ልንገራችሁ።

በ1989 የላስ ቬጋስ የውሃ ባለሥልጣናት በምሥራቅ ኔቫዳ ሸለቆዎች ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ለመውሰድ አመለከቱ። ሐሳቡ ወደ 300 ማይል የሚጠጋ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃውን ወደዚህ ማምጣት ነበር። ውሃው ከሄደ ምንጩ ይሄዳል፤ ምንጩ ከሄደ የምንጩ ዓሣ ይሄዳል። ልክ እዚሁ ቫሊ ቪው ላይ እንደሆነው። ከብት አርቢው ተነሣ፤ የጎሹትና የሾሾኒ ሕዝብ ተነሣ፤ የገጠር ከተሞች ተነሡ፤ ተፈጥሮ ወዳዱ ተነሣ። እርስ በርስ የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተረቱ፤ እንደገና ሄዱ። በግንቦት 2020 ባለሥልጣኑ ዕቅዱን ተወው።

ሠላሳ አንድ ዓመት! ያሸነፉት ሀብታሞች ስለነበሩ አይደለም። ስላልተበተኑ ነው። እኛ የምንታማው በመበተን አይደል? እንግዲያው እናሳፍራቸው።

ያ ቧንቧ የቀረው ከተማዋ በያዘችው ውሃ መኖር እንደምትችል ስላሳየችም ነው። ሣር የነቀለ ቤት ሁሉ ለዚያ መልስ ድንጋይ አቀብሏል። የሚድ ሐይቅ ውሃ ለጓሮ ካለቀ፣ ዓይን እንደገና ወደ ምንጮቹ ይዞራል። የእናንተ ስፕሪንክለርና የሩቁ ምንጭ የተያያዙት በዚህ ነው።

ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ የምትደርሱበት የሞአፓ ሸለቆ አለ። ሙቅ ምንጮች ከዘንባባ ዛፍ ሥር ይወጣሉ፤ ውሃው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሞአፓ ዴስ የምትባለው ዓሣ በምድር ላይ የምትኖረው በእነዚያ ምንጮችና ከእነሱ በሚወጣው ሙዲ ወንዝ ራስጌ ብቻ ነው። ትንሽ ናት፤ ጅራቷ ሥር ጥቁር ነጥብ አለባት። በነጥቧ ለዩዋት። መንግሥት በ1979 ለእሷ ብሎ የዱር እንስሳት መጠለያ አቋቋመ፤ ከጅረቱ ጎን በመስታወት እየዋኘች የምትታይበት ቦታ አለ። ልጆቻችሁን ውሰዱ። የሚከፈትበትን ቀን አጣርታችሁ ውሰዱ።

ይህችን ዓሣ ሁለት ነገር ሊጨርሳት ነበር። አንደኛው ቲላፒያ ነው፤ እኛ ቆሮሶ የምንለው የዓሣ ዘመድ። አገራችን ውስጥ ምግብ ነው፣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን የምንከራከርበት። እዚህ ግን ሰው ያመጣው እንግዳ ነው፤ በ1990ዎቹ ወንዙ ውስጥ ገብቶ የአገሬውን ዓሣ ጠራረገ። በ2008 ሲቆጠሩ የቀሩት ሞአፓ ዴሶች 500 አልሞሉም። ሰዎች መከላከያ አጥር ሠርተው፣ ቲላፒያውን ከላይኛው ወንዝ አጽድተው ነው ዓሣዋ ያንሰራራችው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጁ ለልደቱ የተገዛለት የመስታወት ገንዳ ሲሰለቸው ዓሣውን ወስዳችሁ ኩሬ ውስጥ አትልቀቁ። አዘንኩለት አትበሉ። አንድ ምንጭ ውስጥ የተለቀቀ አንድ ጥንድ ዓሣ፣ ሺህ ዓመታት የኖረውን ሊጨርስ ይችላል። ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱ፤ ለሌላ ልጅ ስጡ። ወንዝ ላይ አትልቀቁ፣ ሐይቅ ላይ አትልቀቁ፣ ፓርክ ኩሬ ላይም አትልቀቁ!

ሁለተኛው ፓምፕ ነው። ከምንጮቹ ራቅ ብሎ ኮዮቲ ስፕሪንግስ በሚባል ሸለቆ፣ በረሃው መሐል አዲስ ከተማ ለመገንባት የተነሡ ሰዎች አሉ። የጎልፍ ሜዳው ከቤቱ በፊት ቀድሞ አረንጓዴ ሆነ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል። ከ2010 እስከ 2012 በዚያ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በሙከራ ሲሳብ፣ በርቀት ያሉት የሞአፓ ምንጮች ጎደሉ። ከላይ ሁለት የሚመስለው ውሃ ከታች አንድ ነው። በ2020 የግዛቱ የውሃ ኢንጂነር ሸለቆዎቹ እንደ አንድ ውሃ ይያዙ፣ በዓመት ከ8,000 ኤከር ፉት በላይ አይሳብ ብሎ አዘዘ። ባለመሬቶቹ ከሰሱ። በጥር 2024 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢንጂነሩ ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው ብሎ ፈረደ። ሥልጣን አለው ማለት ግን ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። እንዲጠቀምበት የሚጠይቅ ሕዝብ ያስፈልጋል። ጠይቁ!

ለሕግ መቆም ፍሬ እንዳለው ሌላም ምስክር አለን። ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ 90 ማይል ያህል ርቆ፣ አሽ ሜዶውስ ውስጥ፣ ዴቪልስ ሆል የሚባል አለት ውስጥ ያለ የውሃ ጉድጓድ አለ። ጥልቀቱ መጨረሻው አልተገኘም። እዚያ የሚኖር ፓፕፊሽ የሚባል ሰማያዊ ዓሣ ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ የሚመገበውና የሚራባው ከውሃው አፍ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ የድንጋይ መደብ ላይ ነው። ውሃው ጥቂት ቢወርድ መደቡ ይደርቃል፤ መደቡ ከደረቀ ዝርያው አለቀ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአቅራቢያው ለእርሻ ውሃ ሲሳብ መደቡ መታየት ጀመረ። መኪና ላይ “ፓፕፊሽን አድኑ” የሚል ወረቀት የለጠፈ ነበር፤ “ፓፕፊሽን ግደሉ” ብሎ የለጠፈም ነበር። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1976 ዳኞቹ ያለ ተቃውሞ ድምፅ ፓምፑ ይገደብ አሉ።

አላበቃም። እርሻው ሲቀር መሬቱን የሪል እስቴት አልሚ ገዛው፤ እዚያው ላይ ሙሉ ከተማ ሊሠራ። ሰዎች እንደገና ተነሡ፤ መሬቱ ተገዝቶ በ1984 መጠለያ ሆነ። ዓሣው ዛሬም በጭንቅ ነው ያለው፤ በ2013 ጠላቂዎች ወርደው ሲቆጥሩ 35 ብቻ አገኙ። ግን አለ። የተሟገተለት ስላለ አለ።

“ዓሣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” የምትል ወንድሜ፣ አልቀየምህም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርተህ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቅህ ሰው ነህ። ግን ይህን አስብ፦ ምንጩ ውስጥ ዓሣው ሲቀንስ ከሁሉ ቀድሞ የሚነግርህ የውሃውን መራቅ ነው። በሐምሌ 2022 የሚድ ሐይቅ ከተሞላበት ዘመን ወዲህ ወደማያውቀው ዝቅታ ሲወርድ፣ ገደሉ ላይ የቀረውን ነጭ ቀለበት ሁላችንም አይተናል። ያ ውሃ የልጆችህም ነው። እዚህ ቤት የገዛኸው ሊተርፉበት አይደለምን?

ሰባቱ ግዛቶች በ1922 ወንዙን ሲከፋፈሉ ለዓሣው የተጻፈ ድርሻ አልነበረም። ለነባሩ ሕዝብም ተገቢው ቦታ አልተሰጠም። በኋላ በ1928ቱ ሕግ ኔቫዳ በዓመት 300,000 ኤከር ፉት ተመደበላት፤ ከሁሉ ያነሰው ድርሻ እሱ ነው። አሁን ወንዙ የሚተዳደርበት የ2007 መመሪያ በ2026 ያበቃል፤ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዚህ ዘመን ነው። ዝም ካልን፣ እንደ 1922ቱ ያለ እኛና ያለ ዓሣው ይወሰናል።

ዝም አንበል!

በሩን ደግሞ እናውቀዋለን። ሰፈራችንን “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ የሰየመልን የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን ነው። የላስ ቬጋስ ሸለቆ የውሃ አውራጃ ቦርድ ሆነው የሚቀመጡትም ያው ኮሚሽነሮች ናቸው። ለስም ስንሄድ ነጭ ለብሰን፣ ባንዲራ ይዘን ሄደናል። ለውሃም እንሂድ። የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ ተነሥታችሁ ሁለት ነገር በሉ፦ የሞአፓ ምንጮች አይጉደሉ፤ ለጌጥ ሣር የሚፈስሰው ውሃ ይቁም። አማርኛ ብቻ የምትችሉ እናቶች፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ነጠላ የለበሰች እናት ስለ በረሃ ዓሣ ስትናገር የማይሰማ ኮሚሽነር የለም።

ዜግነት ያገኛችሁ፣ ምረጡ፤ ከመምረጣችሁ በፊትም ተመራጩን ስለ ውሃ ጠይቁት። ወጣቶች፣ ቲክቶክ ላይ የምትጨፍሩት ልጆች፣ አንድ ቪዲዮ በአማርኛ ሥሩ፤ የእሑዱን ሕግ፣ የመድኃኒቱን ነገር፣ የዓሣ ገንዳውን ነገር ንገሩ። ባለ ምግብ ቤቶች፣ በራችሁ ላይ ለጥፉት። እድሮች፣ በስብሰባችሁ መጨረሻ አንብቡት። የዕድሜ ባለጸጎች፣ አገር ቤት ምንጭ ሲነጥፍ ያያችሁትን ለልጆቹ አጫውቱ።

የማትችሉትን አልጠየቅኋችሁም።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ ጫማችሁን ከማውለቃችሁ በፊት ጓሮ ውጡ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የማጠጫ ሰዓት ክፈቷት። እሑድ በርቶ ከሆነ አጥፉት። ቀትር ላይ ከሆነ ወደ ንጋት አዙሩት። ነገ ደግሞ ለሣር መንቀያው ተመዝገቡ። ከዚያ ስልካችሁን አንሡና ከጎናችሁ ላለው ጎረቤት ደውሉ፤ እሱም ለሌላው ይደውል። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ቀን ፈረቃ ተቀያየሩና ኑ፤ መኪና ያላችሁ መኪና የሌላቸውን ይዛችሁ ኑ።